ያረጁ የፊልም ካሜራዎቻችንን ምን እናድርጋቸው?

የፊልም ካሜራ ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ሲያደርጉ አያለሁ። ወይ ካሜራውን ከነቆዳ ማኅደሩ መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ለዓመታት አይነኩትም፤ ወይ ቤት ሲቀይሩ ከማይፈለግ ዕቃ ጋር ደርበው ያስወግዱታል። ሁለቱም ያንገበግቡኛል። ከአባቴና ከአጎቴ የወረስኳቸው፣ በወጣትነቴም የገዛኋቸው በርካታ ካሜራዎች ስላሉኝ ጥያቄው የራሴም ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። አንዳንዶቹን አስጠግኛለሁ፣ አንዳንዶቹን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ጥቂቶቹን ሸጫለሁ፣ በቀሩት ደግሞ ዛሬም ፎቶግራፍ አነሳባቸዋለሁ። የምጽፈው በዚህ ሁሉ መካከል የተማርኩትን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ካሜራ እንዲሠራ የተፈጠረ መሣሪያ ነው፤ የሚጎዳውም በአብዛኛው ሥራ ሲፈታ ነው። ቅባቱ ይደርቃል፣ ሌንሱ ይሻግታል፣ ባትሪው ያፈስሳል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ካሜራ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ሊሠራበት እንደሚችል ነው። እኔ የምሠራበት ከሆነ ይቀራል፤ ሌላ ሰው የሚሠራበት ከሆነ ወደዚያ ሰው ይሄዳል፤ ማንም ሊሠራበት የማይችል ከሆነ ደግሞ ለመለዋወጫ ወይም ለመታሰቢያ ይሆናል። አባቴ የተወልኝ ዜኒት ኢ፣ የአጎቴ ዞርኪ 4፣ በኋላ የገዛኋቸው ካነን ኤኢ-1 እና ያሺካ ማት 124ጂ እያንዳንዳቸው የተለየ መልስ አግኝተዋል።

ከሁሉም በፊት ግን የካሜራውን የኋላ ክዳን ለመክፈት አትቸኩሉ። ለዓመታት ያልተነካ ካሜራ ውስጥ ግማሹ የተነሳ ፊልም መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ክዳኑ በብርሃን ላይ ከተከፈተ ያ ሁሉ በቅጽበት ይጠፋል። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚሠሩ ካሜራዎች ላይ ፊልም መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው። ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው የሚመልሰውን እጀታ በቀስታ ወደ ፍላጻው አቅጣጫ አዙሩት። ምንም ሳይዘው በነጻ ከዞረ ካሜራው ባዶ ነው፤ ወይም ፊልሙ ተጠቅልሎ ወደ ቆርቆሮው ገብቷል፤ በዚያን ጊዜ ክዳኑ ቢከፈትም ፊልሙ አይጎዳም። ትንሽ ዞሮ ከተወጠረና እምቢ ካለ ግን ውስጡ ፊልም አለ። ብዙ ጊዜ ከካሜራው ሥር የምትገኘውን የመልቀቂያ ቁልፍ ተጭናችሁ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ጠቅልሉት። እንደ ሮለይፍሌክስና ያሺካ ማት ባሉ፣ 120 የተባለውን በወረቀት የተጠቀለለ ፊልም በሚጠቀሙ ካሜራዎች ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። እነርሱን ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ከፍቶ በእጅ መዳሰስ ይሻላል።

በአባቴ ዜኒት ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም አገኘሁ። በአሮጌ ፊልም ላይ ልምድ ላለው ባለሙያ ሰጥቼ አሳጠብኩት፤ ምስሎቹ ጭጋግ የለበሱና የደከሙ ቢሆኑም የሰዎቹ ፊት ይለያል። ለማንኛውም ዲጂታል ካሜራ የማልለውጠው ነገር ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ለአሥርት ዓመታት ሳይታጠብ ቢቆይም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይወጣዋል። ባለ ቀለም ፊልም ቶሎ ይዳከማል፤ ያም ሆኖ ተስፋ አይቆረጥበትም። ለማጠብ ከመስጠታችሁ በፊት ግን በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዛሬ ባለ ቀለም ኔጋቲቭ (ሲታጠብ ምስሉ ብርሃኑና ጥላው ተገልብጦ የሚወጣበት ፊልም) የሚታጠብበት ሲ-41 የተባለው ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በፊት የነበሩት ፊልሞች ሲ-22 በተባለ፣ ቀዝቀዝ ባለ ኬሚካል ነበር የሚታጠቡት። እነርሱን በ37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሠራው በሲ-41 ካጠባችኋቸው የምስሉ ንጣፍ ከፊልሙ ላይ ሊላቀቅ ይችላል። ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ባለ ቀለም ፊልም ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ውስብስብ አሠራር ነበረው፤ የመጨረሻው የዓለማችን ኮዳክሮም አጣቢ ቤት ፊልም መቀበሉን ያቆመው በ2010 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሲ-22ም ሆነ ኮዳክሮም ዛሬ የሚታጠቡት እንደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቀለሙ ይቀራል፣ ምስሉ ግን ሊተርፍ ይችላል። ለማንኛውም አጣቢ ስትሰጡ ይህን በግልጽ ንገሩት። "የተገኘ አሮጌ ፊልም ነው" ብቻ ማለት አይበቃም።

ስለ ፊልም ካነሳሁ አይቀር፣ ሰዎች ስለ ካሜራው ሲጨነቁ የሚረሱትን ነገር ላንሳ። ከካሜራዎቹ ሁሉ ይልቅ ውዱ ነገር ከእነርሱ የወጣው ኔጋቲቭ ነው። ዜኒት ኢ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተመርቷል፤ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል። እናታችሁ በልጅነቷ የተነሳችበት ኔጋቲቭ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ጊዜያችሁና ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ካሜራውን ከማስጠገናችሁ በፊት ኔጋቲቮቹን አድኑ።

ማዳን ስል ሁለት ነገር ማለቴ ነው። አንደኛው አቀማመጥ ነው። ኔጋቲቭ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይወዳል፤ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ማኅደሮች ከጊዜ በኋላ ፊልሙን የሚጎዳ ነገር ስለሚያወጡ ከፖሊፕሮፒሊን፣ ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊስተር የተሠሩትን ምረጡ። ሣጥኑን ስትከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተታችሁ አሲቴት የተባለው የፊልሙ መሠረት መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። መበስበሱ ራሱን በራሱ እያፋጠነ የሚሄድ፣ ሽታውም ጎረቤቱን የሚያነሳሳ በመሆኑ የተጠቃውን ፊልም ወዲያውኑ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ወደ ዲጂታል ስትገለብጡም ከእርሱ ጀምሩ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የነበረ በጣም አሮጌ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካላችሁ ናይትሬት ሊሆን ይችላል። እሱ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በቤት ውስጥ ሳታቆዩት የፊልም መዝገብ ቤት ባለሙያ አማክሩ።

ሁለተኛው ወደ ዲጂታል መገልበጥ ነው። ጥሩ ስካነር ከሌላችሁ ዲጂታል ካሜራ፣ ለቅርብ ርቀት የተሠራ ማክሮ ሌንስና እኩል የሚያበራ ነጭ የብርሃን ሰሌዳ ይበቃሉ። ካሜራውን በመቆሚያ ላይ ቁልቁል አድርጋችሁ ከኔጋቲቩ ጋር ትክክል ትይዩ መሆኑን አረጋግጡ፤ ክፍሉን አጨልሙ፤ አቧራውን በመንፊያ አስወግዱ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን መገልበጥ ነው። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። እያንዳንዱን ፋይል በዓመትና በሰው ስም ሰይሙት። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁ የቤተሰብ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ከእነርሱ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

አሁን ወደ ካሜራው ምርመራ። ፊልም እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ። አልካላይን ባትሪ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ በማስቀመጫው ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ይጋግራል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በትንሹ ኮምጣጤ አርሳችሁ ጋገሩን አንሱት፤ ቀጥሎም በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁት። ብዙ የተበላሹ የሚመስሉ ካሜራዎች በዚህ ብቻ ሲነሱ አይቻለሁ። እንደ ካነን ኤኢ-1 ያሉት (1976) መዝጊያቸው (ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው ክፍል) በኤሌክትሮኒክስ ስለሚሠራ ያለ ባትሪ ጨርሶ አይነቃነቁም፤ ባለ 6 ቮልት አዲስ ባትሪ ሳታስገቡ "ሞቷል" ብላችሁ አትፍረዱ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያቸው የሚንቀሳቀሰው 1.35 ቮልት በሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ ያሺካ ማት 124ጂ ከነዚህ አንዱ ነው። ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ እነዚያ ባትሪዎች ከገበያ ወጥተዋል። በቦታቸው 1.5 ቮልት ያለውን አልካላይን ብታስገቡ መለኪያው ይሠራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚያገለግለው 675 የተባለው የዚንክና አየር ባትሪ 1.4 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በጣም ይቀርባል። ከቀዳሚው ቀጠን ስለሚል በዙሪያው የጎማ ቀለበት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ከተላጠ በኋላም የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። አሮጌዎቹን የሜርኩሪ ባትሪዎች ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፤ ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ። እንደ ዜኒት ኢ ያሉት ደግሞ መለኪያቸው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ሴሊኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ሴሊኒየም በጊዜ ብዛት ይዳከማል፤ የስልካችሁን የብርሃን መለኪያ ፕሮግራም ከጎኑ አድርጋችሁ አወዳድሩት።

መዝጊያውን ለመመርመር የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ካሜራውን ወደ መስኮት አዙሩና በየፍጥነቱ ተኩሱት። በአንድ ሰከንድ ስታስተካክሉት በእርግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ክፍት ሆኖ ይቆያል? ወይስ መሃል ላይ ይንቀረፈፋል? ዘገምተኞቹ ፍጥነቶች ከተጓተቱ ውስጡ ያለው ቅባት ደርቋል፤ ባለሙያ አጽድቶ፣ ቀብቶና አስተካክሎ የሚመልሰው የተለመደ ችግር ነው። ጎማ ከተቀባ ጨርቅ የተሠሩ የመዝጊያ መጋረጃዎች ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን የሚያስገባ ነጥብ ካለ በጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት ሲታይ ይታወቃል። እንደ ላይካና ዞርኪ ባሉ መስታወት የሌላቸው የፊልም ካሜራዎች ላይ ደግሞ ሌንሱ ሳይሸፈን ወደ ፀሐይ ከዞረ መጋረጃው ሊቃጠል ይችላል፤ ሌንሱ የፀሐይን ብርሃን እንደ አጉሊ መነጽር ይሰበስባልና። ፎቶ በማታነሱበት ጊዜ ክዳኑ ከሌንሱ ላይ አይለይ።

ስለ ዞርኪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ፌድ ለተባለው ሌላው የሶቪየት ካሜራም ይሠራል። የመዝጊያውን ፍጥነት ከመቀየራችሁ በፊት ፊልም ማሽከርከሪያውን አዙሩና ካሜራውን ወጥሩት። ሳይወጠር ፍጥነት መቀየር ውስጡን ሊሰብር ይችላል። ካሜራውን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ።

ክዳኑን ከፍታችሁ ሳለ ጠርዞቹን ተመልከቱ። አብዛኞቹ የጃፓን ካሜራዎች ብርሃን እንዳይገባ በጥቁር ስፖንጅ የታሸጉ ናቸው፤ ስፖንጁ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ወደሚያጣብቅ ጥቁር ሙጫ ይለወጣል። አልኮል በነካ ጥጥ በትዕግሥት ተጠርጎ በአዲስ ሊተካ ይችላል፤ የተዘጋጀ ስፖንጅ ለየሞዴሉ ይሸጣል። ነገር ግን አልኮሉ መስታወቱንና የማተኮሪያውን ሰሌዳ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የእነዚህ ካሜራዎች መስታወት አንጸባራቂው ቅብ ያለው ከፊቱ በኩል ስለሆነ በጣት እንኳ አይነካም፤ ሰሌዳውም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ አልኮል ያበላሸዋል።

ሌንሱ ዋናው ሀብት ነው፤ ምርመራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብርሃን ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና የስልክ መብራት ከኋላ በኩል ሰያፍ አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ቀጫጭን ሥር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ትንፋሽ እንደነካው መስተዋት የደበዘዘ ከሆነ ውስጡ ጉም ይዟል። በጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅስት ከታየ ተጣብቀው የነበሩ ብርጭቆዎች እየተላቀቁ ናቸው። የቀዳዳው ቅጠሎች ላይ ዘይት ካለ ሲከፈቱና ሲዘጉ ይጎተታሉ። ሻጋታ በጊዜ ከተደረሰበት ይጠረጋል፤ ከቆየ ግን የብርጭቆውን ቅብ ይበላውና ጠባሳው አይጠፋም። የተወሰኑ አሮጌ ሌንሶች ለምሳሌ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ቶሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ባለበት ብርጭቆ ስለተሠሩ በዕድሜ ቢጫ ይሆናሉ። ጨረሩ በተለመደ አጠቃቀም የሚያሰጋ አይደለም፤ ቢጫነቱም ለሳምንታት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲቆይ ይለቃል። ሌንሱ ውጭው ትንሽ ስለተቧጨረ ብቻ ግን አታሳንሱት፤ ጥቂት ጭረት በምስሉ ላይ ምንም አይታይም።

አብሮ የተሠራ ፍላሽ ያለውን ትንሽ ካሜራ በፍጹም ራሳችሁ አትፍቱ። በውስጡ ያለው ኃይል ማጠራቀሚያ እስከ 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ባትሪው ከወጣም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። ካሜራ ለማዳን ብሎ ራስን ማጥፋት የለም።

ከምርመራው በኋላ ካሜራዎቹ ራሳቸው ይለያሉ። ቢያንስ አንዱን ለሥራ አስቀሩ ስል በሙሉ ልቤ ነው። ፊልም የለም የሚሉ አሉ፤ አለ። ኮዳክ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ቢጠይቅም ፊልም ማምረቱን አላቆመም፤ ተቋርጦ የነበረውን ኤክታክሮም የተባለ ፊልም እንኳ በ2018 መልሷል። ኢልፎርድና የቼኩ ፎማ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያመርታሉ፤ ፔንታክስ በ2024 ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። የሚያስቸግሩት ያለፈባቸው መጠኖች ናቸው። 126 ፊልም የሚወስድ ኢንስታማቲክ ካሜራ ዛሬ ለጌጥ ካልሆነ ለሥራ ይከብዳል። 620 ግን ከ120 ጋር አንድ ዓይነት ፊልም ሆኖ ጥቅሉ ብቻ ቀጠን ያለ ነው፤ በጨለማ ውስጥ 120ውን ወደ አሮጌ የ620 ጥቅል መጠቅለል ይቻላል።

የብርሃን መለኪያው ከሞተ ይህ ካሜራውን የማስቀመጥ ምክንያት አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ባለበት ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ የስሜት ቁጥር (አይኤስኦ) ጋር ተቀራራቢ አድርጉት፤ ፊልሙ 100 ከሆነ 1/125 ሰከንድ ማለት ነው። ቀለል ያለ ደመና ሲሆን ወደ ኤፍ 11፣ ደመናው ሲበረታ ወደ ኤፍ 8 ክፈቱ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ ሲያንሰው ግን ጨክኖ ይቀጣል። ስትጠራጠሩ ክፈቱ።

ጥገናን በተመለከተ ጥብቅ ልሁን። እንደ ኒኮን ኤፍ (1959)፣ ላይካ ኤም3 (1954) እና ሮለይፍሌክስ ያሉት ሜካኒካል ካሜራዎች ሙያው በገባው ሰው እጅ እንደገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ፤ ገንዘብ ቢወጣባቸው አይቆጨኝም። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ግን የተቃጠለ ሰርኪዩት ካላቸው መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ ከሞተ ካሜራ ብቻ ነው። የጥገናው ወጪ ተመሳሳይ ጤነኛ ካሜራ ከመግዛት በላይ ሲሆን መወሰን ያለበት ስሜታችሁ ነው፤ የአባቴን ዜኒት ያስጠገንኩት በሒሳብ አይደለም፣ እንደገናም አስጠግነዋለሁ። የሌላ ሰው ካሜራ ቢሆን ግን ይህን አልመክርም።

የካሜራው አካል ቢሞትም ሌንሱ ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ ያሉት መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራዎች ሌንሱ ከሚገጠምበት እስከ ምስል ተቀባዩ ያለው ርቀታቸው አጭር ነው፤ የሶኒ ኢ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤም42 በተባለው ጥርስ የሚገጠሙ ሌንሶች የሚፈልጉት ደግሞ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚሞላ ተራ የብረት አዳፕተር ይበቃል። ከዜኒት ጋር የሚመጣው ሄሊዮስ 44 በክፍት ቀዳዳ ሲነሳበት ከጀርባ ያለው ነገር የሚሽከረከር መስሎ ይደበዝዛል፤ በዚህ የተነሳ ወጣት ፎቶ አንሺዎች እየፈለጉ ይገዙታል። ትኩረቱና ቀዳዳው በእጅ ነው የሚስተካከለው፤ ለእኔ ይህ ደስታው ነው።

የምታስቀሯቸውን ደግሞ በአግባቡ አስቀምጡ። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ይወልዳል፤ ማኅደሩን ለብቻው አኑሩት። አየር የማያስገባ ግልጽ ሣጥን፣ ሲሊካ ጄልና ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ መጠበቅ አያስቸግርም። ከዚያ በታች መውረድም አያስፈልግም፤ ቅባቱንና ቆዳውን ያደርቃል። መዝጊያውን ሳትወጥሩ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ። በመደርደሪያ ላይ ለማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ጥሩ ነው። ከዚያ በየጊዜው አውጥታችሁ ሁሉንም ፍጥነት ተኩሱ፣ ሌንሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ።

ለሌላ ሰው ስለ መስጠት። ከሁሉ ጥሩው ተቀባይ ፎቶግራፍ ለመማር የተጠማ ወጣት ነው። የአጎቴን ዞርኪ የወሰደችው እንዲህ ያለች ልጅ ናት፤ ፊልም አብሬ ሰጥቼ የመጀመሪያውን ጥቅል አብረን አነሳን። ካሜራ ብቻውን ሲሰጥ ወደ ሌላ መሳቢያ ይሄዳል፤ ፊልምና አንድ ቀን አብሮ ማሳለፍ ሲጨመርበት ግን ሥራ ይጀምራል። ፎቶግራፍ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ጠንካራና ቀላል የሆኑትን፣ እንደ ፔንታክስ ኬ1000 ያሉትን በደስታ ይቀበላሉ፤ የጨለማ ክፍል ያላቸው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሙዚየም የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በአሜሪካዋ ሮቸስተር ከተማ እንዳለው የጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ያሉ ትልልቅ ተቋማት በብዛት የተመረቱ ካሜራዎች ቀድሞውኑ አሏቸው። ሙዚየም የሚፈልገው ታሪክ ያለውን ዕቃ ነው፤ ማን እንደተጠቀመበት፣ ምን እንደተነሳበት፣ ከእሱ የወጡ ኔጋቲቮችና የጽሑፍ ማስረጃዎች ያሉትን። ካሜራውን ሳትልኩ አስቀድማችሁ ፎቶግራፉንና የተጻፈ ታሪኩን ላኩላቸው። አንድን ከተማ ወይም ሙያ ለዓመታት የመዘገበ ሰው ካሜራ ከሆነ፣ የአካባቢው መዝገብ ቤት ከትልቁ ሙዚየም የበለጠ ይፈልገው ይሆናል።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ የተጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ፤ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በፊልም ሞክራችሁ ውጤቱን አያይዙ። ሻጋታውን፣ ጭረቱን፣ የሚጓተተውን ፍጥነት ሁሉ በግልጽ ጻፉ፤ በሌንሱ ውስጥ ብርሃን እየበራ የተነሳ ፎቶ ጨምሩ። "ላይካ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካሜራ እጃችሁ ላይ ካለ ተለይቶ እስኪመረመር ድረስ ተጠንቀቁ፤ ፌድና ዞርኪ እየተፋቁ የላይካ ስም የተቀረጸባቸው ብዙ ናቸውና። እጅግ ተወዳጅ የሆኑትን ሐሰለብላድ፣ ሮለይፍሌክስና ላይካ ግን ባለሙያ ሳያያቸው በጥድፊያ አትሽጡ።

የሞተውን ካሜራ ለጠጋኝ ስጡት። ሁለት የሞቱ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ አንድ ሕያው ያወጣሉ። የሚሠራ ካሜራን ቀዳድተው የጠረጴዛ መብራት የሚያደርጉ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። ለመብራት የሚሆን ሌላ ነገር ሞልቷል።

የምታስቀሩትም ሆነ የምትሰጡት እያንዳንዱ ካሜራ ከጎኑ ወረቀት ይኑረው። የባለቤቱ ስም፣ የተገዛበት ዘመን፣ በምን ፊልምና ባትሪ እንደሚሠራ፣ የታወቀ ጉድለቱ፣ የተጠገነበት ጊዜ፣ እናንተ ከሌላችሁ ለማን እንዲሰጥ እንደምትፈልጉ። ልጆቻችሁ ካሜራ ስለማያውቁ ከሣጥኑ ውስጥ የትኛው ላይካ፣ የትኛው መጫወቻ እንደሆነ አይለዩም፤ የምትጽፉላቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው የሚለዩላቸው።

በፖስታ ከላካችሁ ሌንሱን ከካሜራው ለይታችሁ፣ ሁለቱንም ለየብቻ በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ፣ በሣጥን ውስጥ ሌላ ሣጥን አድርጋችሁ ላኩ። ፊልም ይዞ በአውሮፕላን የሚጓዝ ደግሞ ከሻንጣው አውጥቶ በእጁ ይያዝ፤ በፍተሻው ጊዜም በእጅ እንዲታይለት ይጠይቅ። ሲቲ የተባሉት አዲሶቹ የራጅ መመርመሪያዎች ያልታጠበ ፊልምን በአንድ ማለፊያ እንኳ ሊያበላሹ ይችላሉ፤ ወደ ጭነት ክፍል የሚገቡ ሻንጣዎች የሚፈተሹበት ጨረርም ብርቱ ነው።